የአሜሪካ ጦር የስንብት ወረቀት ስህተት ሲኖርበት፦ ዲዲ-214 እንዴት ይታረማል?

አንድ ሰው በአሜሪካ ጦር 36 ወር ሙሉ አገልግሎ ተሰናበተ እንበል። ትምህርት ሊጀምር ለድጋፉ ሲያመለክት የሚከፈልለት 90 በመቶው ብቻ እንደሆነ ይነገረዋል። ነገሩ ሲጣራ የስንብት ወረቀቱን የሞላው ጸሐፊ የገባበትን ወር አሳስቶ ጽፏል፤ 36 ወሩ በወረቀቱ ላይ 35 ሆኗል። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኋላ ላገለገሉ የተዘጋጀው የትምህርት ድጋፍ፣ ጂአይ ቢል የሚባለው፣ በአገልግሎት ዘመን ሲሰላ ሙሉ የሚሆነው 36 ወር ሲሞላ ነው። 30 ወር አልፎት 36 ያልሞላለት 90 በመቶ ያገኛል።

እንዲህ ያለ ስህተት ይታረማል። የሚታረምበት መንገድ ግን አንድ ብቻ አይደለም፤ ማመልከቻ ወደማይመለከተው ክፍል ከተላከ ወራት አልፎም ዓመታት ይባክናሉ። ከዚህ በታች የትኛው ስህተት ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ማስረጃ ይዞ እንደሚሄድና ለምን ተመላሽ እንደሚሆን በዝርዝር እናያለን። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዲዲ-214 ምንድን ነው?

ከሙሉ ጊዜ ውትድርና ሲወጡ የሚሰጥ የስንብት ምስክር ወረቀት ነው። ከ1950 ጀምሮ ሁሉም የጦር ክፍሎች ይጠቀሙበታል። መቼ ገቡ፣ መቼ ወጡ፣ ማዕረግዎና ሙያዎ ምን ነበር፣ ምን ያህል ጊዜ ከአገር ውጭ አገለገሉ፣ ምን ሜዳሊያ አገኙ፣ ለምንና በምን ሁኔታ ተሰናበቱ የሚሉት ሁሉ ቁጥር በተሰጣቸው ሳጥኖች ውስጥ ይሞላሉ። የቤት መግዣ ብድር ዋስትና፣ ሕክምና፣ የጉዳት ካሣ፣ በፌዴራል ሥራ ቅጥር የሚሰጠው ቅድሚያ፣ በወታደራዊ ሥርዓት መቀበር፣ ሁሉም ይህን ወረቀት ይጠይቃሉ። በውትድርና አገልግሎት በኩል የአሜሪካ ዜግነት የሚጠይቅ ስደተኛም በክብር ማገልገሉን የሚያሳየው በዚሁ ነው።

ለወታደሩ የሚደርሱት ቅጂዎች ሁለት ናቸው። ሜምበር-1 የሚባለው አጭሩ ነው፤ የስንብቱን ዓይነትና ምክንያት የሚናገሩት የታችኛው ክፍል ሳጥኖች የሉበትም። ሜምበር-4 ግን ሙሉው ነው። መሥሪያ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ሜምበር-4ን ስለሆነ ስህተት ሲፈልጉም ይህን ይያዙ። አጭሩን ብቻ አይቶ «ወረቀቴ ደህና ነው» ያለ ሰው ትልቁን ስህተት ሳያየው ሊቀር ይችላል።

በናሽናል ጋርድ ያገለገሉ ሰዎች ደግሞ ኤንጂቢ-22 የሚባል ሌላ ወረቀት አላቸው። የእሱ እርማት የሚጀመረው ካገለገሉበት ክፍለ ግዛት የጋርድ ጽሕፈት ቤት ነው።

ስህተቱ የጸሐፊ ነው ወይስ የውሳኔ?

ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ዲዲ-214ን እንደ ደረሰኝ፣ የግል ማኅደርዎን ደግሞ እንደ ዋና የሒሳብ መዝገብ ይቁጠሯቸው። ማኅደሩ የቅጥር ውሉን፣ የማዕረግ ትዕዛዞችን፣ የሜዳሊያ ምስክር ወረቀቶችን፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዎችንና የስንብት ፋይሉን የያዘ ነው። ደረሰኙ የሚቆረጠው ከዚያ መዝገብ ላይ ነው።

መዝገቡ ትክክል ሆኖ ደረሰኙ ከተሳሳተ ያጠፋው ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊ የተሳሳተውን ጸሐፊ ያርመዋል። መዝገቡ ራሱ የተሳሳተ ወይም ፍትሕ የጎደለው ከሆነ ግን ጸሐፊ ሊነካው ሥልጣን የለውም፤ ጉዳዩ ወደ ቦርድ ይሄዳል። ሦስተኛው ዓይነት፣ የስንብቱ ደረጃ ይሻሻልልኝ የሚለው ጥያቄ፣ የራሱ ቦርድ አለው። በቅጽ ሲጠሩ የመጀመሪያው እርማት በዲዲ-215 ያበቃል፣ ሁለተኛው በዲዲ-149 ይጠየቃል፣ ሦስተኛው በዲዲ-293።

አንድ ነገር ግን ከሦስቱም ውጭ ነው። ዲዲ-214 የሚመሰክረው በስንብቱ ዕለት ስለነበረው ሁኔታ ብቻ ነው። ከስንብት በኋላ በጋብቻ ወይም በፍርድ ቤት የተለወጠ ስም፣ የተቀየረ አድራሻ፣ በኋላ በተጠባባቂነት የተገኘ ማዕረግ ስህተት አይባልም። ሳጥን 7-ቢ ላይ ያለው የመኖሪያ ቦታም ሲቀጠሩ የነበሩበት እንጂ ዛሬ የሚኖሩበት አይደለም። በእነዚህ የሚያመለክት ሰው ብዙውን ጊዜ «መዝገቡ በጊዜው ትክክል ነበር» የሚል መልስ ይደርሰዋል።

የትኞቹን ሳጥኖች በጥንቃቄ ላንብብ?

ከሳጥን 12 ይጀምሩ። 12-ኤ የገቡበት ቀን፣ 12-ቢ የወጡበት፣ 12-ሲ በመካከሉ ያለው የተጣራ አገልግሎት ነው። ስሌቱን ራስዎ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ከ12-ቢ ላይ 12-ኤን ይቀንሱና አንድ ቀን ይጨምሩ፣ የመውጫው ዕለትም ይቆጠራልና። ጁን 10 ቀን 2015 ገብቶ ጁን 9 ቀን 2019 የወጣ ሰው 12-ሲ ላይ 4 ዓመት፣ 0 ወር፣ 0 ቀን ሊጻፍለት ይገባል። ቀኑ አልበቃ ብሎ ከወር ላይ ሲበደሩ ወሩ በ30 ቀን ይታሰባል። ውጤቱ ካነሰ ወዲያው ስህተት ነው አይበሉ፤ ሳጥን 29ን ይመልከቱ። ያለፈቃድ የቀሩባቸው ወይም የታሰሩባቸው ቀናት እዚያ ከተመዘገቡ ከአገልግሎቱ ላይ ይቀነሳሉ። 12-ዲ ከዚህ በፊት የነበረውን የሙሉ ጊዜ አገልግሎት ይይዛል፤ ወጥቶ ተመልሶ የገባ ሰው የቀድሞው ዘመኑ እዚህ መደመሩን ማየት አለበት።

12-ኤፍ ከአገር ውጭ ያገለገሉበትን ጊዜ ያሳያል፤ የአገሩን ስም ግን አይናገርም። የአገሩ ስምና የግዳጁ ቀናት የሚጻፉት፣ ከተጻፉ፣ ሳጥን 18 ላይ ነው። ይህ ከ2022 ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል። በዚያ ዓመት ኦገስት 10 የተፈረመው ፓክት አክት የተባለው ሕግ፣ በጦር ሰፈሮች ከሚቃጠል ቆሻሻ ጭስና ከመሰል መርዝ ጋር የሚያያዙ በርካታ በሽታዎችን በተመለከተ፣ ወታደሩ በተወሰኑ አገሮች ማገልገሉ ከታወቀ ለመርዙ መጋለጡንና በሽታው ከዚያ መምጣቱን እንዲያስረዳ አይጠይቀውም። ሶማሊያ፣ ኢራቅ፣ ኩዌትና ሳዑዲ ዓረቢያ ከኦገስት 2 ቀን 1990 ጀምሮ፣ አፍጋኒስታን፣ ጅቡቲና የመን ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጀምሮ ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «ጅቡቲ» የምትል አንዲት ቃል ከሳጥን 18 መጉደሏ ቀላል ነገር አይደለም።

ሳጥን 13 ሜዳሊያዎችን፣ ሳጥን 14 ወታደራዊ ትምህርትን፣ ሳጥን 11 ሙያን ይይዛሉ። ሜዳሊያ የሚጎድልበት የተለመደ ምክንያት ትዕዛዙ የወጣው የወታደሩ የስንብት ወረቀት ከተዘጋጀ በኋላ መሆኑ ነው። ለክፍለ ጦሩ በሙሉ የተሰጠ ሽልማት ከሆነ ደግሞ ዓመታት ዘግይቶ ሊጸድቅ ይችላል።

ከ23 እስከ 28 ያሉት ሳጥኖች ትንሽ ቦታ ይይዛሉ፤ ኑሮ የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። 24 የስንብቱ ደረጃ ነው፤ 28 ምክንያቱ በቃላት፣ 26 ያው ምክንያት በሦስት ፊደል ኮድ፣ 27 ተመልሶ መግባት ይችል እንደሆነ የሚናገር ኮድ ነው። 26 እና 28 እርስ በርስ ካልተስማሙ የጸሐፊ ስህተት ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። 27ን በተመለከተ፣ በምድር ጦር አሠራር 3 ቁጥር ማለት በልዩ ፈቃድ መመለስ ይቻላል ማለት ነው፤ ተመልሶ መግባት ብቻ የሚፈልግ ሰው ወደ ቦርድ ከመሄዱ በፊት መልማዩን ስለ ፈቃዱ ይጠይቅ።

ሳጥን 21 ላይ ያለው ፊርማዎ መብትዎን አያስቀርም። «አይቼ ፈርሜያለሁ፣ ከእንግዲህ ምን እላለሁ» ብሎ የተወ ሰው በከንቱ ነው የተወው።

ስሜ ወይም የልደት ቀኔ ቢሳሳትስ?

በኢትዮጵያውያንና በኤርትራውያን ወረቀቶች ላይ ይህ ስህተት የራሱ ምክንያቶች አሉት። የአሜሪካ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ዘንድ ያለው የአባትና የአያት ስም ነው። በአንዱ ሰነድ አባት፣ በሌላው አያት የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል። «ገብረ ሥላሴ» ወይም «ኃይለ ማርያም» ያለ ስም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ እንደ መካከለኛ ስም ይመዘገባል። አንድ ስም በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ይጻፋል። የልደት ቀንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይለወጥ ከተጻፈ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያፈነግጣል።

መለኪያው የቅጥር ውሉ ነው፤ ዲዲ-4 ይባላል። በውሉ ላይ ስሙ ትክክል ሆኖ በዲዲ-214 ላይ ከተበላሸ የጸሐፊ ስህተት ነው፣ መንገዱም አጭር ነው። በአገልግሎት ላይ እያለ ዜግነት ሲወስድ ስሙን ያስተካከለ ሰው የዜግነት ምስክር ወረቀቱን አያይዞ ቀኑን ያሳይ፤ ወረቀቱ የወጣው ከስንብቱ በፊት ስለሆነ ማኅደሩም መለወጥ ነበረበት።

ስህተቱ ግን ከግሪን ካርዱ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጀምሮ የመጣ ከሆነ ከዲዲ-214 መጀመር አያዋጣም። ጦሩ የጻፈው የቀረበለትን ነው። በመጀመሪያ ምንጩ ይታረም፣ ከዚያ የታረመው ሰነድ ወደ ጦሩ ይቅረብ። ከስንብት በኋላ የተለወጠ ስም ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ለማስቀየር ከመድከም የፍርድ ቤቱን ትዕዛዝ ወይም የጋብቻውን ምስክር ወረቀት ከዲዲ-214 ጋር አብሮ ማቅረቡ ይበቃል።

ማኅደሬን ከየት አገኛለሁ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ማኅደሩን ሳያዩ ማመልከት አይገባም፤ መዝገቡና ደረሰኙ መለያየታቸው የሚታወቀው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብቻ ነው።

ማኅደሩ የሚጠየቀው በሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ከሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል ነው፤ ማዕከሉ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አካል ነው። ጥያቄው በኢንተርኔት ወይም ኤስኤፍ-180 በሚባል ቅጽ በፖስታ ይቀርባል። ለራሱ ለወታደሩና፣ ከሞተ፣ ለቅርብ ቤተሰቡ በመደበኛው አሠራር ክፍያ የለውም። በቅጹ ላይ «ዲዲ-214 ብቻ» ብለው አይጠይቁ፤ በግል ማኅደሩ ውስጥ ያሉትን ሰነዶች ሁሉ እንደሚፈልጉ በግልጽ ይጻፉ፣ የሕክምና መዝገቡንም ለይተው ይጥቀሱ። ያልተፈረመበትና ቀን ያልተጻፈበት ኤስኤፍ-180 አይስተናገድም፤ ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለች ቀላል ነገር ናት።

በዕድሜ የገፉ ወታደሮች ልዩ ችግር አለባቸው። በጁላይ 12 ቀን 1973 በዚያው ማዕከል የተነሣ እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ማኅደሮችን በልቷል። ከኖቬምበር 1 ቀን 1912 እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች ማኅደር 80 በመቶው ጠፍቷል። ከሴፕቴምበር 25 ቀን 1947 እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1964 ከአየር ኃይል ከተሰናበቱትና ስማቸው በፊደል ተራ ከሃባርድ በኋላ ከሚመጣው ደግሞ 75 በመቶው። በዚህ ውስጥ ያለ ሰው ኤንኤ-13055 በሚባል ቅጽ የሚያስታውሰውን ክፍለ ጦርና ቀን ይሞላል፤ ማዕከሉ ከደመወዝ መዝገብና ከመሳሰሉት ሌሎች ምንጮች አገልግሎቱን መልሶ ለመገንባት ይሞክራል።

ቀላሉ እርማት እንዴት ይሄዳል?

ማኅደሩ ትክክል ከሆነ ጥያቄው ላገለገሉበት የጦር ክፍል የሰው ኃይል መሥሪያ ቤት ይቀርባል፤ ለምድር ጦር በፎርት ኖክስ፣ ኬንታኪ፣ ለባሕር ኃይል በሚሊንግተን፣ ቴነሲ፣ ለአየር ኃይል በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ፣ ለማሪን በኳንቲኮ፣ ቨርጂኒያ። የሜዳሊያ ጥያቄ ለአንዳንዶቹ በሴንት ሉዊሱ ማዕከል በኩል ያልፋል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። «ሳጥን 12-ኤ ላይ ጁላይ 10 ቀን 2015 ይላል፤ ጁን 10 ቀን 2015 መባል አለበት፤ ማስረጃው የተያያዘው ዲዲ-4 ነው» ከበቂ በላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ሰነድ። የሕይወት ታሪክ የያዘ አራት ገጽ ደብዳቤ መርማሪው የሚፈልጋትን አንዲት ቀን ይሸፍንበታል። ዋናውን ሰነድ ሳይሆን ቅጂውን ይላኩ።

ከተፈቀደ ዲዲ-215 የሚባል ወረቀት ይደርስዎታል። የተሳሳተውን ሳጥን ቁጥርና የሚተካውን ጽሑፍ ብቻ የያዘ ነው። ብዙዎች አዲስ ዲዲ-214 ጠብቀው «አልታረመልኝም» ይላሉ፤ ግን ታርሟል። ዲዲ-215 አሮጌውን አይተካም፣ አብሮት ይነበባል።

ምን ዓይነት ማስረጃ ይታመናል?

በጊዜው በጦሩ የተጻፈ ሰነድ ከሁሉ ይበልጣል። የግዳጅ ትዕዛዝ ቢጠፋ እንኳ ያ ግዳጅ ሌላ ቦታ አሻራውን ጥሎ ይገኛል። የዚያን ወር የደመወዝ መግለጫ፣ ኤልኢኤስ የሚባለውን፣ ያውጡ፤ በወር እስከ 225 ዶላር የሚደርሰው የአደጋ ቀጠና ክፍያ ወይም የጦር ቀጠና የግብር ነፃነት ከታየበት ወታደሩ ግዳጅ ላይ መሆኑን አጥብቆ ያመለክታል። የጉዞ ሒሳብ ማወራረጃው ዲዲ-1351-2፣ ከግዳጅ መልስ የሚሞላው የጤና ቅጽ ዲዲ-2796፣ የዚያ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ በግዳጁ ቦታ ክሊኒክ የተጻፈ የሕክምና ማስታወሻ የአገሩን ስም ሊይዙ ይችላሉ።

የባልደረባ ምስክርነት ብቻውን ደካማ ነው፤ ከሰነድ ጋር ሲሆን ግን ይጠነክራል። ምስክሩ «ጎበዝ ወታደር ነበር» ከሚል፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው፣ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ሰፈር አብረው እንደነበሩና ራሱ ምን እንዳየ ይጻፍ፤ ይፈርምበት፣ ቀን ያስፍር።

ማኅደሩ ራሱ ሲሳሳትስ?

ይህ የእርማት ቦርድ ጉዳይ ነው። ምድር ጦር የራሱ አለው፤ ባሕር ኃይልና ማሪን አንድ ይጋራሉ፤ አየር ኃይልና ስፔስ ፎርስ አንድ፤ ኮስት ጋርድ የራሱ። አባላቱ ሲቪሎች ናቸው። ሕጉ ቦርዱ «ስህተት» ወይም «ኢፍትሐዊነት» ሲያገኝ መዝገብ እንዲለውጥ ይፈቅድለታል። ስህተት ማለት ደንብ ተጥሷል ማለት ነው። ኢፍትሐዊነት ግን ደንቡ ባይጣስም ውጤቱ ግፍ ነው ማለት ነው። ማመልከቻዎ የትኛውን እንደሚል ለይቶ ይናገር።

ዲዲ-149 የሚቀርበው ስህተቱን ካወቁ በ3 ዓመት ውስጥ ነው። ልብ ይበሉ፣ ከተሰናበቱ ሳይሆን ካወቁ። ጊዜው ቢያልፍም ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ሊያልፈው ይችላል፤ ስለዚህ ለምን እንደዘገዩ የሚጠይቀውን ቦታ ባዶ አይተዉት። «ስህተቱን ያወቅሁት ለቤት ብድር ሳመለክት ነው» ካሉ የብድሩን ደብዳቤ ያያይዙ።

ቦርዱ ሥራውን የሚጀምረው ጦሩ በትክክል ሠርቷል ብሎ በመገመት ነው። ግምቱን ማፍረስ የአመልካቹ ግዴታ ነው፤ ማስረጃው ወደ እሱ ካጋደለ ያሸንፋል። ብዙ ጊዜ ቦርዱ ከሚመለከተው ክፍል የባለሙያ አስተያየት ይጠይቃል። አስተያየቱ ለአመልካቹ ተልኮ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ይቆረጣል፣ ብዙውን ጊዜ 30 ቀን። ይህን ፖስታ ዝም ማለት ከባድ ስህተት ነው፤ አስተያየቱ የሚቃወምዎት ከሆነና መልስ ካልሰጡ በፋይሉ ውስጥ የሚነበበው የመጨረሻ ቃል የእነሱ ይሆናል። አድራሻ ሲቀይሩ ለቦርዱ ማሳወቅም ለዚሁ ነው።

ሕጉ 90 በመቶው ጉዳይ በ10 ወር፣ የቀረውም በ18 ወር እንዲያልቅ ያዝዛል። ቃል ችሎት በቦርዱ ፈቃድ እንጂ በመብት አይገኝም፤ ስለዚህ «ስቀርብ አስረዳለሁ» ብለው ያስቀሩት ነገር አይኑር። በውሳኔው ማዕረግ ከተስተካከለ የተቋረጠ ደመወዝም አብሮ ሊከፈል ይችላል። ካልተፈቀደና አዲስ ማስረጃ ከተገኘ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፣ እዚያ ግን ጠበቃ ያስፈልጋል።

የስንብቴን ደረጃ ማሻሻል እችላለሁ?

ደረጃዎቹ ከላይ ወደ ታች እነዚህ ናቸው፦ የክብር ስንብት፤ በክብር ሁኔታ ሥር የሆነ ጄኔራል ስንብት፤ ከክብር በታች የሆነ ስንብት፤ የመጥፎ ጠባይ ስንብት፤ የውርደት ስንብት። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በወታደራዊ ፍርድ ቤት የሚወሰኑ ናቸው። በሥልጠና መጀመሪያ የወጣ ሰው ደግሞ ደረጃ ያልተሰጠው ስንብት ሊጻፍለት ይችላል። ልዩነቱ ተጨባጭ ነው፤ ለጂአይ ቢል የክብር ስንብት ያስፈልጋል፣ ጄኔራሉ ለሕክምናና ለጉዳት ካሣ እንጂ ለዚያ አይበቃም።

«ከስድስት ወር በኋላ በራሱ ወደ ክብር ይለወጣል» የሚለው ወሬ በየሰፈሩ ለዓመታት ሲዞር የኖረ ሐሰት ነው። በራሱ የሚለወጥ ስንብት የለም።

ከስንብቱ ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ያልሞላው ሰው በዲዲ-293 ወደ ስንብት መመርመሪያ ቦርድ ያመለክታል። 15 ዓመት ካለፈ ወይም ስንብቱ በከፍተኛው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ከተወሰነ መንገዱ ዲዲ-149 ነው። የፍርድ ቤት ጥፋተኝነትን ቦርዱ አይሽርም፤ ቅጣቱን በምሕረት ማቅለል ግን ይችላል። መመርመሪያው ቦርድ የነበረዎትን ደረጃ ዝቅ ማድረግ ስለማይችል ማመልከት ያለውን አያሳጣም። በፋይል ብቻ እንዲታይ ወይም ቀርቦ ለመናገር መምረጥ ይቻላል። መጀመሪያ በፋይል አሳይቶ፣ ካልሆነ ቀርቦ መናገር ይሻላል፤ በመጀመሪያው ጊዜ የቀረበ ሰው ወደ ፋይሉ ምርመራ አይመለስም።

ለስንብቱ ምክንያት ከሆነው ጥፋት ጀርባ የአእምሮ ቁስል፣ የጭንቅላት ጉዳት ወይም በአገልግሎት ላይ የደረሰ ወሲባዊ ጥቃት ካለ ይህን መደበቅ አይገባም። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ቦርዶች በሰፊ ልብ እንዲያዩ የመከላከያ ሚኒስቴሩ በ2014፣ በ2016 እና በ2017 መመሪያ አውጥቷል። የ2017ቱ መመሪያ አራት ጥያቄዎች ያቀርባል። ጥፋቱን የሚያቀል ሕመም ወይም ገጠመኝ ነበር? የደረሰው በአገልግሎት ላይ እያለ ነው? ጥፋቱን በእርግጥ ያቀለዋል? ክብደቱ ከስንብቱ ይበልጣል? ማመልከቻውን በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ቅደም ተከተል መጻፍ ለቦርዱም ለአመልካቹም ያቀልላል። ባህላችን የአእምሮ ሕመምን አፍኖ መያዝን እንደ ጥንካሬ ስለሚያይ ብዙ የእኛ ልጆች ይህን ክፍል ባዶ ይተዉታል፤ የሚያሳዝነው ጉዳያቸውን የሚያስረዳው ዋናው ነገር እሱ መሆኑ ነው። የ2018ቱ መመሪያ ደግሞ ከስንብት በኋላ ያለው ሕይወት ሚዛን እንዲደፋ ይፈቅዳል፤ የሥራ፣ የትምህርት፣ የበጎ አድራጎትና የፖሊስ መዝገብ ማስረጃ ለዚህ ያገለግላል።

እስኪታረም ድረስ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

አያስፈልግም። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ቪኤ የሚባለው፣ ከጦሩ የተለየ መሥሪያ ቤት ነው። ከክብር በታች የሆነ ስንብት ለያዘ ሰው እንኳ አገልግሎቱን ራሱ መርምሮ ለሕክምና ወይም ለካሣ ብቁ ነው ሊል ይችላል። ሁለቱን ጥያቄ ጎን ለጎን ማስኬድ ይፈቀዳል፤ ካሣ በአብዛኛው የሚታሰበው ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ መዘግየት ያስከፍላል።

ለቅጾቹ ክፍያ የለም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ቪኤ ዕውቅና የሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት፣ የአሜሪካን ሊጅን፣ የቪኤፍደብሊውና የዲኤቪ ተወካዮች በነፃ ይረዳሉ፤ በስንብት ደረጃ ጉዳይ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ ክሊኒኮችም አሉ። ወታደሩ በሕይወት ከሌለ ባለቤቱ፣ ልጁ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ የሞት ምስክር ወረቀት አያይዞ ማመልከት ይችላል።

እርማቱ ሲደርስ ዲዲ-215ን ከሜምበር-4 ቅጂው ጋር አያይዘው ይያዙ፤ ለማንም ሲሰጡ ሁለቱን አብረው ይስጡ። ለቪኤ ራስዎ ይላኩ፤ ጦሩ ማኅደሩን ማረሙ የቪኤን ፋይል ያርመዋል ብለው አይጠብቁ። በእርማቱ ምክንያት የሚለወጥ ውሳኔ ካለ እንደገና እንዲታይ በጽሑፍ ይጠይቁ። አሮጌውን ወረቀት በካውንቲ መዝጋቢ ቢሮ አስመዝግበው ከነበረ ማንም ሰው ሊያየው ይችል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎና የልደት ቀንዎ በአንድ ገጽ ላይ አብረው የተጻፉበት ወረቀት ነው።